ፋሻው ምን ያህል ይጥበቅ?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለእግር ኳስና ለአትሌቲክስ አሠልጣኞች፣ ለስፖርት መምህራንና ለቡድን ወጌሻዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

እንደምን አላችሁ። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከእንጅባራ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል፤ ስለዚህ በረጅም መግቢያ አላደክማችሁም። ይዤ የመጣሁት ዕቃ አንድ ነው፤ ይህ የሚለጠጥ ፋሻ። ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በየፋርማሲው ይሸጣል፣ ከእናንተም መካከል ቦርሳው ውስጥ የሌለው አሠልጣኝ ጥቂት ይመስለኛል። በልኩ ሲታሰር የተጎዳ እግር ከመጠን በላይ እንዳያብጥ ይይዛል። ከልኩ ሲያልፍ ያንኑ እግር ሊገድል ይችላል። ልዩነቱ ያለው እጃችን ፋሻውን ስቦ በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

አዘውትሮ ከሚያጋጥማችሁ ጉዳት ልነሳ፤ ከቁርጭምጭሚት ወለምታ። ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱት አዝመራ በተነሳበት ማሳ፣ ከብት በሚውልበት መስክ፣ ዝናብ አጥቦ ድንጋዩን ባወጣው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። ተጫዋቹ ዘሎ ሲያርፍ አንድ እግሩ የከብት ኮቴ በክረምት ጭቃ ላይ ትቶት በበጋ በደረቀ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። እግሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በላዩ ይወርድበታል። በዚህ ጊዜ በብዛት የሚጎዳው በውጪው ጉብታ ፊት ለፊት ያለው አጭር ጅማት ነው። ቀለል ሲል ይሳሳባል፣ ሲብስ ይቀደዳል። አብረውት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይፈነዳሉ፤ ደምና ፈሳሽ በቆዳውና በአጥንቱ መካከል ባለው ክፍተት ይጠራቀማል። እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ ይነሳል፣ እስከ ሁለትና ሦስት ቀንም ሊጨምር ይችላል።

እብጠትን እንደ ጠላት ብቻ ማየት ተገቢ አይደለም። የተቀደደውን የሚጠግኑት ሕዋሳት የሚመጡት በዚያው ፈሳሽና ደም ነው፤ ፈጽሞ የማያብጥ ጉዳት ፈጥኖ ይድናል ማለት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ሲበዛ ነው። የበዛ ፈሳሽ መገጣጠሚያው እንዳይታጠፍ ያግደዋል፣ ሕመሙን ያብሳል፣ በዙሪያው ያሉትን ጡንቻዎችም ያደክማል። የጉልበት እብጠት ያለበትን ተጫዋች ታፋውን አጥብቅ በሉት፤ መሥራት ያለበት ጡንቻ ትእዛዝ እንዳልደረሰው ሆኖ ይተኛል። ጡንቻው ተጎድቶ አይደለም፤ መገጣጠሚያው በፈሳሽ ሲወጠር የነርቭ ሥርዓቱ ለጡንቻው የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚቀንስ ነው። የፋሻው ሥራ እንግዲህ ይህን ትርፍ መያዝ ነው። ጅማት አይሰፋም፣ የተቀደደ አያጣብቅም። ፈሳሹ እንዳይበዛና የወጣውም ወደ ደም መልስና ወደ ሊምፍ ሥሮች (ትርፍ ፈሳሽን ወደ ደም ወደሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች) እንዲመለስ ከውጭ መጠነኛ ግፊት ይሰጣል፤ ሥራው ይኸው ነው።

መጠነኛ ስል ምን ያህል ነው? በሕክምና የሚታዘዙት መካከለኛ ግፊት ያላቸው ካልሲዎች ቁርጭምጭሚት ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይጫናሉ። የደም ግፊታችሁ ሲለካ 120 በ80 የሚባለው በዚሁ መለኪያ ነው። ከ20 እስከ 30 ያለው ግፊት የደም ቅዳ ሥሮችን ሳያውክ ፈሳሹን ይይዛል። ከዚያ እያለፈ ሲሄድ መጀመሪያ የሚዘጋው የመመለሻው መንገድ ነው፤ ደም ይገባል፣ ግን አይወጣም፣ እግሩ ይብሱኑ ያብጣል። ተጨንቀን አጥብቀን ያሰርነው እግር ፋሻው ሲፈታ ከፊቱ ይልቅ አብጦ የምናገኘው ለዚህ ነው።

ሜዳ ላይ መለኪያ መሣሪያ የላችሁም፤ የሚያግዛችሁ አንድ ደንብ ግን አለ። የፈረንሳዩ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ላፕላስ ባስቀመጠው ሕግ መሠረት ፋሻ የሚፈጥረው ግፊት በተሳበ ቁጥርና በተደራረበ ቁጥር ይጨምራል፤ የታሰረው አካል በወፈረ ቁጥርና ፋሻው በሰፋ ቁጥር ይቀንሳል። ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። እጃችሁ በእኩል ኃይል እየሳበ ከቁርጭምጭሚት ወደ ባት ቢወጣ፣ ቀጭኑ ቁርጭምጭሚት የበለጠ፣ ወፍራሙ ባት ያነሰ ግፊት ያገኛል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ፈሳሹ ወደ ላይ እንዲሄድ። ላይኛውን አጥብቆ ታችኛውን ማላላት ግን እግሩን አንቆ መያዝ ነው። ሁለተኛ፣ የ13 ዓመት ቀጭን ሯጭና አንድ ሙሉ ሰው ተከላካይ በእኩል ጉልበት ቢታሰሩ የሚጎዳው ልጁ ነው። ሦስተኛውን በጣም አስምሩበት፤ ጠባብ ነገር ይቆርጣል። ከብስክሌት ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ በሦስት ጣት ወርድ ተቆርጦ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲጠመጠም አይቻለሁ፤ የታጠፈ መቀነትም እንዲሁ። ላስቲኩ ያለ ልክ ይጫናል፤ መቀነቱ ደግሞ ስለማይለጠጥ ውስጡ እያበጠ ሲሄድ አብሮ አይሰፋም።

አሁን ወደ አስተሳሰሩ። ተጫዋቹን አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ የእግሩ ጣቶች ወደ ፊቱ እንዲያዩ ቁርጭምጭሚቱን በ90 ዲግሪ ማዕዘን ያዙት። እግሩ ተንጋዶ ወደ ታች እንደተዘረጋ ከታሰረ በዚያው ይደርቃል፣ በኋላም መራመድ ያስቸግረዋል። ፋሻውን ከጣቶቹ ሥር ጀምሩ፤ ጣቶቹ ግን ይታዩ። ሁለት ዙር ካደረጋችሁ በኋላ በእግሩ ጀርባ ላይ እየተሻገራችሁ፣ ቁርጭምጭሚቱን ዞራችሁ፣ በውስጥ እግር ሥር እያለፋችሁ ስምንት ቁጥርን ሥሩ። ወለም ያለው ወደ ውስጥ ከሆነ፣ በውስጥ እግር ሥር የምታልፉት ከአውራ ጣት በኩል ወደ ትንሽ ጣት በኩል ሆኖ በውጪው ጎን ወደ ላይ ይሳብ፤ የተጎዳውን ጎን ያነሳዋል። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን። ተረከዙን አትተዉት። ብዙ ሰው ተረከዙን ዘሎ ያስራል፤ ከዚያም እብጠቱ በቀረችው ቀዳዳ ይወጣና ተረከዙ ላይ ይሰበሰባል። ፋሻው እስከ መጨረሻ ከሚለጠጥበት ግማሹን ያህል ብቻ ይለጠጥ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ስትደርሱ በፕላስተር ዝጉት፤ የብረት መያዣዋ በጫማ ውስጥ ቆዳ ትቧጭራለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ባለሙያም ይዘነጋዋል። በቁርጭምጭሚቱ የውጪ ጉብታ ዙሪያ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ፈሳሹ የሚተኛው እዚያ ነው። ፋሻ ደግሞ ድንኳን በምሰሶው ላይ እንደሚወጠር በጉብታው ጫፍ ላይ ይወጠርና ጎድጓዳውን ሳይነካ ያልፋል። የሚጫነው ያላበጠውን አጥንት ነው ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከአሮጌ ጋቢ ወይም ከብርድ ልብስ ቁራጭ አጥፋችሁ፣ ጉብታውን ከታችና ከሁለቱ ጎኖች አቅፎ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ድጋፍ ሥሩና ከፋሻው በታች አስቀምጡት። ያኔ ግፊቱ ፈሳሹ ካለበት ይደርሳል። ይህችን ቁራጭ ጨርቅ ከማንኛውም ውድ ፋሻ አስበልጣለሁ።

ከታሰረ በኋላ ልኩን የሚነግራችሁ የተጫዋቹ ጣት ነው። ጥፍሩን እስኪነጣ ተጫኑና ልቀቁት፤ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ፍቱት። ጣቱ ከሌላኛው እግር ጣት ጋር ሲነጻጸር ከቀዘቀዘ ፍቱት፤ ሌላኛው እግር ያልኩት በደብረ ማርቆስ ብርድ የሁሉም ሰው ጣት ስለሚቀዘቅዝ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ መገርጣትም ሆነ መጥቆር በቀላሉ አይታይም፤ ጥፍሩንና የውስጥ እግሩን እዩ። ከደነዘዘው፣ ከነዘረው፣ ወይም ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከጨመረ አሁንም ፍቱት። በልኩ የታሰረ እግር ይቀለዋል እንጂ አይብስበትም። ይህን ፈተና ከ20 ደቂቃ በኋላ ድገሙት፤ እብጠቱ ገና እየመጣ ስለሆነ ሲታሰር ልክ የነበረው ፋሻ ቆይቶ ሊጠብቅ ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ በእረፍት ሰዓት ተቻኩሎ የታሰረ ፋሻ ግን ቢፈታ በማን ዕድል፤ ክፋቱ ሳይፈታ እየጠበቀ መሄዱ ነው።

የኛ አገር ጉዞ ይህን የበለጠ ያከብደዋል። ጨዋታው ሉማሜ ላይ ነው፣ ልጁ የሞጣ ልጅ ነው። ታስሮ አውቶቡስ ላይ ይወጣል፣ እግሩ ለሰዓታት ተንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ፋሻው ሥር እብጠቱ ይነሳል፣ ሰው ተጨናንቋልና ጎንበስ ብሎ የሚያየው የለም። መንገድ ያለበትን ተጫዋች ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ መፍታቱንም ለራሱ አሳዩት። ሌሊት ሲተኛ ይፈታ፣ እግሩ በትራስ ወይም በታጠፈ ጋቢ ላይ ከልቡ ከፍ ብሎ ይደር፤ ጠዋት እንደገና ይታሰር።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ ልናገር፤ በመካከላችሁ ወጌሻዎች አላችሁ፣ በጀርባችሁ የማልናገረውን በፊታችሁ ልናገር። በገጠር ቀበሌ አንድ ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ ቀድሞ የሚደርሰው ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፣ ይታወቃል፣ ወረፋ የለውም፣ ክፍያውም አያስጨንቅም። ይህን ማጣጣል አልፈልግም። ነገር ግን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች በሕፃናት ላይ ለሚደረግ የእጅና የእግር መቆረጥ ከሚጠቅሷቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ በባሕላዊ መንገድ ተጠብቆ የታሰረ ስብራት ነው። በአዊ ደጋ እንደ ልብ የሚበቅለው ቀርከሃ ተሰንጥቆ ዙሪያውን ይደረደራል፣ በገመድ ወይም በጨርቅ ይጠፈራል፣ «እንዳትነኩት» ይባላል። ሌሊት እብጠቱ ይመጣል፤ ቀርከሃው አይለጠጥም፣ ገመዱም አይለጠጥም። ጡንቻ ደም ካጣ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሞላው ወደማይመለስ ጉዳት ያልፋል። ልጁ ያለቅሳል፤ ቤተሰቡ «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ ይችላል» ይለዋል። ያ ልቅሶ እኮ ሰውነቱ ያለው የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነርቩ ይሞትና ልጁ ዝም ይላል፣ ቤቱም «ተሻለው» ብሎ ይተኛል።

ስለዚህ ወጌሻዎቻችን ሥራ ይተዉ አልልም። ስብራት የሚመስለውን ወደ ሐኪም ቤት ይላኩ፤ ለመንገድ ደግፈው ካሰሩም ጣቱን ያሳዩ፣ ቤተሰቡም ጥፍር መጫን ይማር፤ የሚያለቅስ ልጅ ይፈታለት። ሌላም ልመና አለኝ። ወለምታ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በቅቤ አይታሽ። ገና እየደማ ያለን ነገር ማሸት ደሙን ይጨምራል።

የማይታሰረውን ለመለየት በካናዳ ኦታዋ ኢያን ስቲል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ደንብ ሜዳ ላይም ይሠራል። ተጫዋቹ ከጉዳቱ በኋላ ወዲያውም ሆነ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም ከሁለቱ የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች የአንዱን የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ስትነኩት አጥንቱ ላይ ካመመው፣ ወይም በትንሿ ጣት በኩል በእግሩ መካከል ያለው የአጥንት ጉብታ፣ አልያም በውስጠኛው ጎን በቅስቱ ላይ ያለው አጥንት ሲነካ ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። ቅርጹ ከተበላሸ ወይም ቆዳው ከተቀደደ ሜዳ ላይ አትጠቅልሉት፤ እንዳለ ደግፋችሁ ውሰዱት። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ከፈረስ የወደቀ ሰው ደግሞ ጭራሹን የፋሻ ጉዳይ አይደለም፤ ጭንቅላቱና አንገቱ ይቀድማሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ በእግሩ የደም መርጋት የነበረበት ሰው ያለ ሐኪም አይጠቅለል።

በገና ሰሞን ሌላ ዓይነት ጉዳት ይመጣል፤ የገና ዱላ ቅልጥም ላይ ያርፋል። በቅልጥም ፊት በኩል ያሉት ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ የታሸጉ ናቸው፤ ውስጡ ሲደማ መሄጃ ስለሌለው ግፊቱ የራሱን ጡንቻ ያፍነዋል። ከምቱ ጋር የማይመጣጠን ሕመም ካለ፣ ጣቱን ወደ ታች ስታጥፉለት ከጮኸ፣ እንኳን ልታስሩት ያሰራችሁትንም ፍቱ፤ ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ሆስፒታል አሁኑኑ ይሂድ።

ታፋው ላይ በሌላ ተጫዋች ጉልበት የተመታ ተጫዋች ግን ከፋሻ ብዙ ይጠቀማል፤ አስተሳሰሩ ለየት ይላል። እግሩን ዘርግቶ ሳይሆን ጉልበቱን አጥፎ፣ ተረከዙ ወደ መቀመጫው ቀርቦ፣ ሳያመው በሚችለው ልክ ነው የሚታሰረው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተማሪዎች የሆኑ 47 ተጎጂዎችን ጉልበታቸውን በ120 ዲግሪ አጥፎ ለ24 ሰዓት በማሰር በአማካይ በ3.5 ቀን ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ እንደተመለሱ ዘግቧል። ማወዳደሪያ ቡድን ስላልነበረው ቁጥሩን እንደ ቃል ኪዳን አትያዙት፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ የተወጠረ ጡንቻ ብዙ ደም አያጠራቅምም፣ አጥሮም አይደርቅም። ይህን ታፋ ወዲያው ማሸት ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ የፈሰሰው ደም በጡንቻው ውስጥ ወደ አጥንት ሊለወጥ ይችላል።

ወጣቶቻችሁ በስልክ የሚያዩት ወፍራም የላቴክስ ጎማም አለ፤ መገጣጠሚያን አጥብቆ ጠቅልሎ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ እያንቀሳቀሱ መፍታት። አንዳንድ ትናንሽ ጥናቶች የቁርጭምጭሚት መታጠፍን ለአጭር ጊዜ እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ሰውነት ለማፍታታት የሚወደው ይጠቀምበት፤ ደቂቃውን ግን አያሳልፍ፣ ለላቴክስ አለርጂ ያለበትም ይተወው። ትናንት ለተቀደደ ጅማት ግን አይሆንም።

ስለ በረዶ ጠይቃችሁኛል። ዕረፍት፣ በረዶ፣ መጠቅለልና ከፍ ማድረግ የሚለውን አራት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሳቸው ቆይተው በረዶው ፈውስን ሊያዘገይ ይችላል ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሌዝ ዱቧና ዣን ፍራንሷ ኤስኩሊዬ ባቀረቡት አዲስ መመሪያ ውስጥ በረዶ የለም፤ መጠቅለልና ከፍ ማድረግ ግን ቦታቸውን ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ በገጠር በረዶ ባለማግኘታችሁ ብዙ አትዘኑ። ለሕመም ማስታገሻ ቀዝቃዛ ውኃ የነካው ጨርቅ ለ10 ደቂቃ በቂ ነው።

አንዲት አሠልጣኝ «ወለም ያላት ተጫዋች ታስራ መጫወት ትችላለች ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። የሚለጠጥ ፋሻ እግር ዳግም እንዳይታጠፍ አይከላከልም፤ ስለሚለጠጥ እግሩን ተከትሎ ይሄዳል። የሚከላከለው በማሰሪያ የሚጠብቀው የቁርጭምጭሚት መደገፊያና የሚዛን ልምምድ ነው። ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በአንድ እግር መቆም፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ መቆም፣ ከዚያ ቆሞ ኳስ መቀበል። ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሯን መርገጥ ትጀምር፤ ለሳምንታት መተኛት ጅማቱን ያደክማል። በተጎዳው እግር ብቻ እየዘለለች ስታርፍ ካልፈራችና ካላመማት ወደ ሜዳ ትመለስ።

ፋሻ በሌለበት ምን ይደረግ ላላችሁት፤ ነጠላ ሰፋ አድርጋችሁ አጥፉና ላላ አድርጋችሁ ዙሩት፣ ቶሎ ቶሎ እዩት፣ ይበልጡን እግሩን ከፍ በማድረግ ተማመኑ። ፋሻውንም እጠቡት፤ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ ሳትጠመዝዙ፣ በጥላ ይድረቅ። ተስቦ የማይመለሰውን ጣሉት።

አሁን ወንበሩን ወደ ጎን እናድርግና ሁለት ሁለት ሁኑ። ጫማና ካልሲ ይውለቅ፤ እግሩ የሸተተ አይፈር፣ ሁላችንም ከመንገድ ነው የመጣነው። አንዱ ያስራል፣ የታሰረው ጣቱን እያየ የተሰማውን ይናገራል፣ ከዚያ ይቀያየራል። እኔ እየዞርኩ ጥፍር እጫናለሁ።